ደራርቱና የሱሉልታ ሜዳ፦ ሩጫ የሴት እንጀራ የሆነበት ዘመን

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ምሽት፣ ባርሴሎና። በኦሊምፒኩ የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ገና ብዙ ዙር ሲቀር ፍጥነት ጨምራ ከቡድኑ ተነጠለች። ልትከተላት የቻለችው አንዲት የ20 ዓመት ኢትዮጵያዊት ብቻ ነበረች። ሜየር መሪነቱን እንድትረከባት ብትጋብዛትም ደራርቱ ቱሉ ከኋላዋ ንቅንቅ አላለችም። አንድ ዙር ገደማ ሲቀር ግን ተስፈንጥራ ወጣች፤ 31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ ላይም መስመሩን አለፈች። ከአፓርታይድ እገዳ ገና በተመለሰችው አገር ስም የሮጠችው ነጭ አትሌትና የአርሲዋ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ደራርቱ ሆነች።

ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም። ብዙም የማይነገረው፣ ያ ውድድር ራሱ ምን ያህል አዲስ እንደነበረ ነው። የሴቶች 10,000 ሜትር በኦሊምፒክ ሲካሄድ የባርሴሎናው ገና ሁለተኛው ነበር። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ነበር፤ የሴቶች ማራቶን ደግሞ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በሎስ አንጀለስ ተጀምሯል። ኢትዮጵያ በሁለቱም ኦሊምፒኮች አልተሳተፈችም። ስለዚህ ከደራርቱ በፊት የነበሩት ሴቶች አቅም አንሷቸው ነው ማለት አይቻልም፤ የሚሮጡበት መድረክ አልነበረም።

መድረክ ብቻውንም እንጀራ አይሆንም። አሜሪካዊቷ ቤብ ዲድሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1932 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በ80 ሜትር መሰናክልና በጦር ውርወራ ሁለት ወርቅ ወስዳለች። በዚያ ዘመን ግን በአትሌቲክስ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነበር። ቤብ ፊቷን ወደ ጎልፍ አዞረች። እ.ኤ.አ. በ1950 የሴት ጎልፍ ተጫዋቾችን የሙያ ማኅበር ካቋቋሙት 13 ሴቶች አንዷ እርሷ ነበረች፤ በ1954ም ከካንሰር ቀዶ ሕክምና ተመልሳ የአሜሪካ የሴቶች ኦፕንን ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈች። ሯጮች ከውድድር የሚያገኙትን ገንዘብ በአደራ ሒሳብ እንዲያስቀምጡ የተፈቀደላቸው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። የዓለም ሻምፒዮና ለአሸናፊዎቹ የገንዘብ ሽልማት መክፈል የጀመረው ደግሞ በ1997 ነው። ደራርቱ የመጣችው መድረኩም ክፍያውም በሩን ገርበብ ባደረገበት ሰዓት ነው።

ሦስተኛው ነገር መሬት ነው። በ1964 ዓ.ም. በበቆጂ አካባቢ የተወለደችውን ልጅ በትምህርት ቤት ያያት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበር። አዲስ አበባ ስትመጣና ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በሚመሩት ብሔራዊ ቡድን ስትታቀፍ፣ የልምምዱ ቦታ የከተማዋ ዙሪያ ነበር። አሰልጣኞች ዛሬም ሳምንቱን የሚደለድሉት በከፍታ ነው። ከእንጦጦ ማዶ፣ በጎጃም መንገድ የምትገኘው ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ትላለች፤ እዚያ በሣር ሜዳው ላይ ረጅሙና ቀለል ያለው ሩጫ ይሮጣል። በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ ዝቅ ስለምትል እግር የሚፈጥንባት የአስፋልት ልምምድ ቦታ ናት። በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩም የዚሁ ቀለበት ክፍል ናት።

ጎህ ሲቀድ የአትሌቶች ሰርቪስ የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ ሱሉልታ ሲደርስ ሜዳው ገና ጤዛ ነው። ሯጮቹ ቱታቸውን ደራርበው፣ አንዱ የሌላውን እግር ረግጦ የሚሄድ እስኪመስል በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ በከብቶች መሐል እየተጠማዘዙ ይነጉዳሉ። አሰልጣኙ ሰዓቱን ይዞ ዳር ላይ ይቆማል። ኮረኮንች፣ ሣርና አስፋልት እየተፈራረቁ እግርን ያጠነክራሉ፤ ስስ አየሩ ደግሞ ደምን ኦክስጅን መሸከም ያስለምደዋል።

የደራርቱን የሙያ ዘመን ከሌሎቹ የሚለየው ርዝመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995፣ በ1997 እና በ2000 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች። በመካከሉ ግን መውደቅም ነበር። በ1996 የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና ጫማዋ ወልቆ አራተኛ ወጣች፤ በአትላንታ ኦሊምፒክም ከጉዳት ጋር ሮጣ አራተኛ ሆነች። በ1998 ልጇን ጽዮንን ወለደች። በወቅቱ ብዙዎች ሴት አትሌት ከወለደች ሩጫዋ አበቃ ይሉ ነበር።

መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ መልሱን ሰጠች። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ውድድሩን አብዛኛውን ጊዜ መርታ አራተኛ ስትሆን፣ ደራርቱ በመጨረሻው ዙር ተፈትልካ በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች። ጌጤ ዋሚ ሁለተኛ ሆነች። በዓመቱ ደራርቱ የለንደን ማራቶንን አሸነፈች፤ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮናም ከብርሃኔ አደሬና ከጌጤ ጋር ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው ገቡ። በአቴንስ ኦሊምፒክ ነሐስ ጨመረች።

ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. በ37 ዓመቷ ኒው ዮርክ ማራቶን ገባች። ራድክሊፍ በእግር ሕመም ወደ ኋላ ስትቀር፣ ደራርቱ ፍጥነቷን ቀንሳ «አይዞሽ፣ ነይ» ብላ አበረታታቻት። የልምምድ ሜዳው ልማድ ነው፤ የደከመ ጓድ ተጠርቶ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። ከዚያም በ2፡28፡52 ያን ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች።

ከእርሷ በኋላ የመጡት እናትነትን የሙያቸው ፍጻሜ አላደረጉትም። ጥሩነሽ ዲባባ ልጅ ወልዳ በሪዮ ነሐስ አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም የቺካጎ ማራቶንን አሸነፈች። አልማዝ አያና ከወለደች በኋላ በ2022 የአምስተርዳም ማራቶንን በ2፡17፡20 አሸነፈች። ደራርቱም እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን መርታለች። በዓለም ደረጃ ግን ለእናትነት የሚሰጠው ዋስትና ዘግይቷል፤ ናይኪ ያረገዙ አትሌቶችን ክፍያ መቁረጥ ያቆመው አትሌቶች በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

መድረኩንም ክፍያውንም የወሰኑት ውጭ ያሉ ተቋማት ናቸው። መሬቱ ግን በእኛ እጅ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በሱሉልታ የመሮጫ ትራክ አሠርቷል፤ ያያ ቪሌጅን የመሳሰሉ ማረፊያዎችም ከየአገሩ የሚመጡ ሯጮችን ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ በአንድ ትራክ ላይ የሚስተናገዱት ጥቂቶች ናቸው። ማናጀር ያላገኘች፣ ክለብ ያልያዛት ጀማሪ ያላት ነጻው ሜዳ ነው። ያ ሜዳ ደግሞ በቤት፣ በፋብሪካና በአጥር እየተሸነሸነ ነው። ሱሉልታ፣ ሰበታና ቡራዩ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። የከተማው ፕላን ለመንገድና ለኢንዱስትሪ መሬት እንደሚከልል ሁሉ ለሯጮችም ሣሩን ቢከልል፣ የሚጠብቀው የአንድ ትውልድ ሴቶችን የሥራ ቦታ ነው።