በቤት ውስጥ ሥጋን በጭስ ማድረቅ (ሰሜን ወሎ)

በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ገጠር ሥጋ የሚቆየው በአብዛኛው ቋንጣ ሆኖ ነው። ቀዩ ሥጋ ከጮማው ተለይቶ በረጅሙ ይዘለዘላል፤ በጨውና በበርበሬ ወይም በሚጥማጣ ታሽቶ በገመድ ወይም በሽቦ ላይ ይሰቀላል። ጮማው የሚለየው ስብ እንደ ቀይ ሥጋ ስለማይደርቅና ቶሎ ስለሚበላሽ ነው። በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ቋንጣ ይሰቀላል፤ እርዱ ቢለይም አሠራሩ አንድ ነው።

ጭስ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚወስነው በዓሉ የሚውልበት ወቅት ነው። ገና በበጋ ስለሚውል ደረቁ ነፋስ ብቻውን ሥራውን ይጨርሳል። ፋሲካ ግን ብዙ ጊዜ ከበልግ ዝናብ ጋር ይገጥማል፤ አረፋም በጨረቃ አቆጣጠር እየዞረ አንዳንድ ዓመት ክረምት ላይ ይውላል። ያኔ አየሩ እርጥብ፣ ዝንቡም ብዙ ስለሚሆን ሥጋው ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። የቦታው ከፍታም ለውጥ ያመጣል። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን መርሳ ወደ 1,600 ሜትር ዝቅ ትላለች። በመርሳ ሙቀት ሥጋ ቶሎ ይደርቃል፤ ወፍራም ከሆነ ግን ውስጡ ሳይደርቅ ይበላሻልና ዝልዝሉ መሳሳት አለበት።

ጥሬ ቀይ ሥጋ ከመቶ 75 እጅ ያህሉ ውኃ ነው። ጨውና ሙቅ አየር ይህን ውኃ ሲቀንሱት ባክቴሪያ የሚራባበት እርጥበት ያጣል። በጭስ ውስጥ ያሉት ፌኖሎችና አሲዶች ደግሞ የሥጋውን ገጽ ከሻጋታና ከስብ መበላሸት ይጠብቃሉ፤ ዝንብንም ያርቃሉ። የጭስ ሥራ ግን ከገጹ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ጭስ ያልደረቀን ሥጋ አያድንም።

ወፍራም ብልት በትኩስ ጭስ ሲዘጋጅ አሠራሩ ሌላ ነው፤ ሥጋው እየታጠነ ይበስላል። ለዚህ የሚያገለግለው የጭስ ምድጃ ከ105 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊይዝ ይገባል። የውስጡ ሙቀት ለበሬ ሥጋ ቢያንስ 63፣ ለዶሮ 74 ዲግሪ መድረሱ በቴርሞሜትር ይረጋገጣል።

የጭስ ምድጃ ለሚመርጥ ሰው ከመጠኑና ከውበቱ በፊት የሚታየው እሳቱ ያለበት ቦታ ነው። እሳቱ በጎን ሆኖ ጭሱ በቱቦ ቢመጣ ይመረጣል፤ የሚንጠባጠብ ስብ ፍም ላይ ሲወድቅ ቤንዞፓይሪንን የመሰሉ ካንሰር አምጪ ውሕዶች ይፈጠራሉና። የአውሮፓ ኅብረት በታጠነ ሥጋ ውስጥ የሚፈቅደው የዚህ ውሕድ መጠን ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኪሎ 2 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም፣ ከታች አየር የሚገባበት፣ ከላይ ጭስ የሚወጣበት መከፈቻ ያለው ምድጃ እሳትን ለመግራት ያመቻል። ብየዳ ቤት ከ200 ሊትር በርሜል ሊሠራው ይችላል። ነገር ግን ኬሚካል የተያዘበት በርሜል ምንም ቢታጠብ አይሆንም፤ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮም ሲግል መርዛማ ጭስ ስለሚያወጣ ለእሳቱ ክፍል መዋል የለበትም።

ወይራ በአካባቢው ለጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ የታወቀ ነው፤ ለሥጋም ከእሱ የሚሻል እንጨት ማግኘት ያስቸግራል። ዛፉ እየተመናመነ ስለሆነ ግንዱን ከመቁረጥ ይልቅ የደረቀ ቅርንጫፍ መጠቀም ይገባል። ከጓሮ ሲገረዙ የሚገኙ የብርቱካንና የዘይቱን ቅርንጫፎችም ጥሩ ናቸው። ጥድ ሙጫ፣ ባሕር ዛፍ ዘይት ስላላቸው ሥጋውን ያመርሩታል። ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ ወተቱ መርዛማ ነውና ፈጽሞ አይነድም። ቀለም የተቀባ ጣውላና ፕላስቲክም እንዲሁ።

ምድጃው ከቤት ውጭ ቢቀመጥ ይሻላል። በጠባብ ማድ ቤት ጭሱን ስትተነፍስ የምትውለው ምግብ የምታዘጋጀው ሴት ናት፤ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም አብሯት ይተነፍሳል።

በደንብ የደረቀ ቋንጣ ሲታጠፍ ይሰበራል። ከዚያ በፊት በፌስታል ከታሰረ ይሻግታል። ማድረቅና ቀዝቃዛ ጭስ የኮሶ ትልን እጭ በእርግጠኝነት አይገድሉም፤ ስለዚህ ቋንጣው ለፍርፍርም ሆነ ለወጥ ሲውል በሚገባ መብሰል አለበት። ማቀዝቀዣ ያለው ቤተሰብ ጥሬውን ሥጋ ከመዘልዘሉ በፊት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ቢያቆየው እጩ ይሞታል።