ፀሐይን ያለማቋረጥ የሚከታተለው የሕዋ ቴሌስኮፕ ዕለታዊ ሥራ

ሶላር ዳይናሚክስ ኦብዘርቫቶሪ የካቲት 4 ቀን 2002 ዓ.ም. በአሜሪካው የሕዋ ተቋም ናሳ የመጠቀ የፀሐይ መመልከቻ ቴሌስኮፕ ነው። ከምድር ገጽ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቀን አንድ ጊዜ ምድርን ይዞራል። መረጃ የሚያከማችበት መቅረጫ ስላልተገጠመለት ያየውን ወዲያውኑ ወደ ምድር ይልካል፤ ሳይደርስ የቀረ ምስል ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። በመሆኑም የዕለት ሥራው አብዛኛው ክፍል መቋረጥን መከላከል ነው።

መረጃውን በኒው ሜክሲኮ የተተከሉ ሁለት ባለ 18 ሜትር አንቴናዎች ይቀበላሉ። ምልክቱ በከባድ ዝናብ የሚደክም በመሆኑ፣ አንዱን ዝናብ ቢሸፍነው ሌላው እንዲቀበል ተራርቀው ቆመዋል። ካሜራዎቹ በየ12 ሴኮንዱ ፀሐይን በተለያዩ የአልትራቫዮሌት ጨረሮች ያነሳሉ፤ ሌላው መሣሪያ የገጽታዋን መግነጢሳዊ ሁኔታ በየ45 ሴኮንዱ ይለካል። በቀን የሚወርደው መረጃ 1.5 ቴራባይት ገደማ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ በሜሪላንድ ሆነው ትእዛዝ ይልካሉ፤ መሣሪያዎቹን ለማስተካከልም ቴሌስኮፑን አልፎ አልፎ ከፀሐይ መሐል ፈቀቅ ያደርጉታል።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ሳምንታት ያህል፣ ቴሌስኮፑ በየዕለቱ በምድር ጥላ ውስጥ ያልፋል፤ ረጅሙ ቆይታ 72 ደቂቃ ነው። ይህ የሚሆነው በኒው ሜክሲኮ እኩለ ሌሊት ግድም ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ መክረር በጀመረችበት ሰዓት ቴሌስኮፑ ጨለማ ውስጥ ነው። ከጥላው ሲወጣም የመሣሪያዎቹ ሙቀት እስኪስተካከል ምስሉ ለጥቂት ጊዜ ይደበዝዛል።

እክል ከሕዋ ብቻ አይመጣም። ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ መረጃው የሚዘጋጅበትን ክፍል አጥለቀለቀ። ቴሌስኮፑ መመልከቱን ባያቋርጥም፣ ምስሎቹን አዘጋጅቶ ለተጠቃሚ የማድረሱ ሥራ ተስተጓጎለ።

ለይፋት ቆላ ነዋሪ ይህ ምን ይፈይዳል ለሚል ጥያቄ፣ በቅድሚያ ሙቀቱን መለየት ያስፈልጋል። የሸዋ ሮቢት ሐሩር ከቦታው ዝቅታ ጋር የተያያዘ ነው። በ11 ዓመቱ የፀሐይ ዑደት ውስጥ የጠቅላላ ብርሃኗ ለውጥ ከመቶ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የበረታ ሙቀት የታየበትን ቀን ሁሉ ከፀሐይ ፍንዳታ ጋር ማያያዝ ስሕተት ነው።

ተፅዕኖው ያለው በላይኛው አየር ላይ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል፤ በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በዚሁ መስመር ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው፣ ከ1957–58 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ የዚህን ጅረት መግነጢሳዊ አሻራ ይመዘግባል። የፍንዳታ ጨረር በስምንት ደቂቃ ምድር ይደርሳል፤ ፀሐይ በአናታችን ባለችበት ሰዓት ከሆነም የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት ደግሞ ከጀምበር መጥለቅ በኋላ የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ምልክት ይዋዥቃል። የማሾ ማሳውን ወሰን በእጅ ስልኩ የሚለካ ሰው ሥራውን በቀን ከጨረሰ ይህ መዋዠቅ ብዙም አይነካውም፤ በምሽት ከለካ ግን ከወትሮው የሰፋ ስሕተት ሊያገኝ ይችላል።