አሥራ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ

ስልኩ አይፎን 5ሲ ነበር፤ በፕላስቲክ ጀርባ የመጣው፣ ከእኩዮቹ ረከስ ያለው። የሳን በርናርዲኖ ካውንቲ ጤና መምሪያ ለሠራተኛው የሰጠው የሥራ ስልክ ነው። ያ ሠራተኛ፣ ሰይድ ሪዝዋን ፋሩክ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 2015 ከሚስቱ ጋር ሆኖ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሥራ ባልደረቦቹ በተሰበሰቡበት አዳራሽ 14 ሰዎችን ገደለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሁለቱም በዚያው ቀን ከፖሊስ ጋር ሲታኮሱ ሞቱ። የግል ስልኮቻቸው ተሰባብረው ተገኙ። የሥራው ስልክ ግን ማንም አልነካውም። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ስልኩ በአራት አኃዝ ፒን ተቆልፏል። ከ0000 እስከ 9999፣ 10,000 ምርጫ ማለት ነው። ሥራ የፈታ ልጅ ቁጭ ብሎ እየነካካ በሁለት ሦስት ቀን ይጨርሰዋል። ግን ስልኩ ዝም ብሎ አያስነካካም። በተሳሳቱ ቁጥር እያስጠበቀ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ያንን ምርጫ አብርቶት ከሆነ ደግሞ በአሥረኛው ስህተት ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል።

ከዚያ በፊት ነገሩ ቀላል ነበር። ፖሊስ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይዞ ስልኩን ወደ አፕል ይልካል፣ አፕልም ብዙውን ነገር አውጥቶ ይመልሳል። በ2014 አይኦኤስ 8 ሲወጣ ይህ አበቃ። ፋይሎቹ የሚከፈቱበት ቁልፍ ከሁለት ነገር እንዲሠራ ተደረገ፤ አንዱ እናንተ የምታስገቡት ፒን፣ ሌላው ስልኩ ሲመረት ቺፑ ውስጥ የተቀረጸ፣ ማንም ሊያነበው የማይችል ቁጥር። አፕል ራሱም አያነበውም። ስለዚህ የስልኩን ሜሞሪ ነቅሎ በትልቅ ኮምፒውተር ልስበረው ማለት አይሠራም። ግምቱ እዚያው ስልኩ ላይ መካሄድ አለበት፤ አፕል ደግሞ አንዷ ግምት 80 ሚሊ ሰከንድ ገደማ እንድትፈጅ አድርጎ ሠርቶታል።

እስቲ አስሉት። 10,000 በ80 ሚሊ ሰከንድ ሲባዛ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ! የፋሩክን ስልክ የጠበቀው ፒኑ አልነበረም ማለት ነው፤ የጠበቁት ማስጠበቁና ማጥፋቱ ናቸው። ኤፍቢአይም የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2016 አንዲት ዳኛ በ1789 የወጣ ሕግ ጠቅሰው፣ አፕል እነዚህን ሁለቱን የሚያነሳ ሶፍትዌር ሠርቶ በራሱ ፊርማ እንዲያስገባ አዘዙ። አፕል እምቢ አለ፤ አንዴ ከሠራሁት ነገ ሌላው መርማሪ፣ ከነገ ወዲያ ሌላው መንግሥት ይጠይቀኛል ሲል።

መሃል ላይ አንድ የሚያስቅ (ወይም የሚያናድድ) ነገር አለ። ስልኩ በሚያውቀው ዋይፋይ አጠገብ ቢቀመጥ ራሱ ባክአፕ ሊያደርግ የሚችልበት ዕድል ነበረ፤ አፕል ደግሞ ባክአፑን መስጠት ይችል ነበር። ግን ከጥቃቱ በኋላ ወዲያው ካውንቲው በኤፍቢአይ ጥያቄ የአይክላውዱን ፓስዋርድ ቀየረው። በሩ በራሳቸው እጅ ተዘጋ።

ክርክሩ ሊሰማ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማርች 21፣ መንግሥት «ሌላ ወገን መንገድ አሳይቶናል» ብሎ ቀጠሮ አስለወጠ። ማርች 28 ስልኩ ተከፍቷል ብሎ ክሱን አነሳ። የኤፍቢአይ ዳይሬክተር የነበሩት ጄምስ ኮሚ ስንት ከፈላችሁ ሲባሉ፣ በቀሩኝ የሥራ ዓመታት ከማገኘው ደመወዝ በላይ ነው አሉ። ጋዜጠኞች ደምረው ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አደረሱት፤ በኋላ አንዲት ሴናተር 900,000 ነው አሉ። የከፈተው ማን እንደሆነ ዋሽንግተን ፖስት የጻፈው በ2021 ነው፤ አዚመዝ የተባለ የአውስትራሊያ ድርጅት። ውስጡስ ምን ተገኘ? ለምርመራው የሚረባ አዲስ ነገር እንዳልተገኘ ተዘገበ። የተሰባበሩትን ስልኮች አስታውሱ።

ገንዘቡ ነው የሚገርመኝ። በዚያው ዓመት ሰርጌይ ስኮሮቦጋቶቭ የሚባል የካምብሪጅ ተመራማሪ ከ100 ዶላር በማይበልጥ ዕቃ ተመሳሳዩን ስልክ ከፈተ። የሜሞሪ ቺፑን ነቅሎ ቅጂ ይወስዳል፣ ጥቂት ፒን ይሞክራል፣ ከዚያ ቅጂውን መልሶ ስልኩ ምንም እንዳልተሳሳተ እንዲያስብ ያደርጋል። ኮሚ ይህ መንገድ አይሠራም ብለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ዋጋው ወረደ። በ2018 ግሬይኪ የሚባል፣ ሁለት ገመድ የወጣለት ትንሽ ሳጥን መጣ። በኢንተርኔት ተገናኝቶ ለተወሰነ ቁጥር ሙከራ ብቻ የሚሠራው 15,000 ዶላር፣ ያለ ገደብ የሚሠራው 30,000 ነበር። ዋናው ተፎካካሪው የእስራኤሉ ሴለብራይት ነው፤ አጀማመሩ እኛ ሰፈር ያለ የሞባይል ሱቅ ከሚሠራው አይለይም፤ ደንበኛ ስልክ ሲቀይር ኮንታክቱን ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያዘዋውር መሣሪያ ይሸጥ ነበር። አፕተርን የሚባል ተቋም በ2020 ሲያጠና፣ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን የገዙ ከ2,000 በላይ የፖሊስ አካላትን አገኘ። ለነፍስ ግድያ ብቻ አይደለም፤ ከሱቅ ዕቃ ሰረቀ ለተባለ ሰውም ስልኩ ይበረበራል።

ስልክ ሠሪዎቹ የመለሱት በሰዓት ነው። አይኦኤስ 11.4.1 (2018) ስልኩ ከተቆለፈ አንድ ሰዓት ካለፈው በቻርጀሩ ቀዳዳ ዳታ እንዳያልፍ ዘጋ። ፒኑም ወደ ስድስት አኃዝ አድጎ ነበር፤ በዚያችው በ80 ሚሊ ሰከንድ ሒሳብ 22 ሰዓት ገደማ ነው። ስድስት ቦታ ላይ ትንንሽ ፊደልና ቁጥር ቢቀላቀል ግን ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

ሌላው፣ ሰው ብዙ የማያውቀው ነገር፣ ስልኩ ሲያዝ የነበረበት ሁኔታ ነው። ጠዋት አንዴ ፒን አስገብታችሁ ከከፈታችሁት፣ ስክሪኑ ቢቆለፍም አብዛኞቹ ቁልፎች ሜሞሪው ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ሳጥኖቹም የሚፈልጉት ይህንን ነው። ጠፍቶ የበራ፣ ገና ፒን ያልገባበት ስልክ ግን ራሱም ውስጡን አያውቅም። ካላመናችሁ አይፎናችሁን አጥፍታችሁ አብሩና ፒን ሳታስገቡ እናታችሁን አስደውሉ። «እማዬ» አይልም፤ ቁጥሯ ብቻ ነው የሚወጣው።

በኖቬምበር 2024 የአሜሪካ መርማሪዎች ማስረጃ ክፍል ያስቀመጧቸው አይፎኖች በራሳቸው ሪስታርት እያደረጉ ነው ብለው ሲደናገጡ ተሰማ። አፕል ሦስት ቀን ሳይከፈት የቆየ ስልክ ራሱን አጥፍቶ እንዲያበራ አድርጎ ነበር፤ ሳይናገር። ጉግልም በ2025 ለአንድሮይድ ይህንኑ አመጣ። ወረፋ የሚጠብቅ ስልክ እዚያው መደርደሪያ ላይ እያለ ይጠነክራል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን እንደ ስልኩ ነው። ሰርቢያ ውስጥ በፌብሩዋሪ 2024 ፖሊስ አንድ ጋዜጠኛ ከመንገድ አስቁሞ ጣቢያ ወሰደ። ሰውዬው ሻዎሚ ስልኩን አጥፍቶ ነበር ያስረከበው፤ ፒኑንም ማንም አልጠየቀውም። ሲመለስለት ሴቲንጉ ተነካክቶ አየ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሲመረምረው በሴለብራይት ተከፍቶ ኖቪስፓይ የሚባል መሰለያ ተጭኖበት አገኘ። ሪፖርቱ በዲሴምበር ወጣ፤ ሴለብራይት ከሁለት ወር በኋላ ለአንዳንድ የሰርቢያ ደንበኞቹ አገልግሎቱን አቋረጥኩ አለ።

እኛ አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ፍተሻ ላይ «ክፈተው» የሚባል ሰው ግን ስለ 80 ሚሊ ሰከንድ አያስብም፤ ይከፍተዋል። መቆለፍን መማር ራሱ ያስከሰሰበት ጊዜም ነበር። በኤፕሪል 2014 የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታስረው በሽብር ሲከሰሱ፣ ክሱ ውስጥ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባለው፣ ማንም ከኢንተርኔት በነጻ በሚያወርደው የመረጃ ደኅንነት መመሪያ መሠልጠናቸው ተጠቅሶ ነበር። አምስቱ በጁላይ 2015 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። የቀሩትን ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክሱ ነጻ ያላቸው በኦክቶበር ነው፤ እስከዚያ ግን አንድ ዓመት ተኩል ታስረዋል።