የአልጋ ዋጋ በምን ይለያያል?

በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ በባሕር ዳር መንገድ ላይ በምትገኘው አዲስ ቅዳም አልጋ የሚጠይቅ መንገደኛ «ባለ ሻወር ነው ወይስ የጋራ?» ማለቱ አይቀርም። ኢኮኖሚስቱ ሸርዊን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. እንዳስረዱት፣ የአንድ ዕቃ ዋጋ ከባሕርያቱ ይመነጫል። በአንድ ሆቴል ውስጥ በሌላው ሁሉ እኩል የሆኑ ሁለት ክፍሎች የዋጋ ልዩነት፣ እንግዳው ለግል ሻወር ብቻ የሚከፍለውን ያሳያል።

በደጋማው አዊ ሙቅ ውሃ ከቴሌቪዥን ሊመረጥ ይችላል። የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ ጥበቃ ያለው ግቢ ይፈልጋል። የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ በሚከበርበት ጥር 23 ቀን ዋጋ ቢንር ግን ጭማሪው የቀኑ እንጂ የክፍሉ አይደለም። ስለዚህ ባለሆቴሉ ክፍል ከማደሱ በፊት የተራ ቀናትን ገቢ ይመልከት፤ እንግዳውም ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ቧንቧውን ከፍቶ ይሞክር።