የሕዝብ ብዛትና የቤተሰብ ምጣኔ በቅኝ ግዛቷ ሞሪሸስ

በሕንድ ውቅያኖስ የምትገኘው ሞሪሸስ እ.ኤ.አ. እስከ 1968 ድረስ በብሪታንያ ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረች፣ ኑሮዋም በአመዛኙ በሸንኮራ አገዳ ላይ የተመሠረተ ደሴት ነበረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተካሄደው የዲ.ዲ.ቲ. ርጭት የወባ በሽታ ሲገታ፣ የሟቾች ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ቀነሰ፤ የወሊዱ መጠን ግን ከፍተኛ እንደሆነ ቆየ። በ1944 ቆጠራ 420 ሺህ ያህል የነበረው ሕዝብ፣ በ1962 ወደ 680 ሺህ ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ችግሩ የሕዝቡ መብዛት ብቻ ነበርን? ሰፊው የአገዳ እርሻ በትላልቅ ርስቶች ባለቤቶች እጅ እያለ፣ ድኻው ልጆቹን እንዲቀንስ በገዢዎቹ ቢመከር በጥርጣሬ ማየቱ የሚያስደንቅ አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ሰው ሠራሽ የወሊድ መከላከያዎችን አጥብቃ ተቃወመች። በ1957 የተቋቋመው የሞሪሸስ የቤተሰብ ምጣኔ ማኅበር ሥራውን የጀመረው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነበር።

በ1961 ሁለት የጥናት ዘገባዎች ታተሙ። የኢኮኖሚው ሊቅ ጀምስ ሚድ የደሴቲቱን የወደፊት ዕድል በጨለማ መልክ ሣለው። ሪቻርድ ቲትመስና ባልደረባው ብራያን ኤቤል ስሚዝ ግን የቤተሰብ ምጣኔን ከጤና አገልግሎትና ከማኅበራዊ ድጎማ ጋር አያይዘው አቀረቡ። ይህ አመለካከት ከሚድ ይልቅ የበሰለ ነበር፤ ያለ ዋስትና የሚኖር ወላጅ ልጆቹን እንደ ጡረታው መቁጠሩ አይቀርምና።

የተቃውሞው መልክ የተለወጠው በ1963 ነው። ይኸውም አክሲዮን ፋሚሊያል የተባለው የካቶሊክ ድርጅት ተቋቁሞ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትፈቅደውን የተፈጥሮ ዘዴ ለባልና ሚስት በአንድነት ማስተማር ጀመረ። መንግሥትም ለሁለቱም ወገን ድጎማ ሰጠ። ባለትዳሮች ከእምነታቸው ጋር ሳይጋጩ መምረጥ ቻሉ፤ ፈቃደኝነት የሚለው ቃል ትርጉም ያገኘው በዚህ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንዲት እናት በአማካይ ከምትወልዳቸው 6 ያህል ልጆች፣ ቁጥሩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 3 ተኩል ገደማ ወረደ። የቀነሰው በመከላከያ ብቻ አልነበረም፤ የልጃገረዶች የጋብቻ ዕድሜ መዘግየትም ከፍ ያለ ድርሻ ነበረው። ነፃ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የተጀመረው በ1977 ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው ቅነሳ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ከዚያ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው፣ አስቀድሞ በየመንደሩ ተስፋፍቶ የነበረው የልጃገረዶች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነው።