ተቀባይ ጆሮ፤ ከማሲንቆ እስከ ፒያኖና ጊታር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ አጠገብ ወደ ደብረ ታቦር ይገነጠላል። በዚያ ዙሪያ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ቁሐር ሚካኤልም የዚሁ አገር ክፍል ነው። በዚህ አካባቢ፣ እንደ ቀሪው የጎንደርና የጎጃም አገር ሁሉ፣ አዝማሪ በሠርግና በድግስ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል። አዝማሪውም ስንኙን ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል፤ አንዳንዴም ቃሉን ገልበጥ አድርጎ ሰጪውን ራሱን ይነካዋል። ግጥሙ የሚወለደው እዚያው፣ በሰጪና በተቀባይ መካከል ነው።

ከዚህም የተነሣ የአገሩ ሰው ማዳመጥን እንደ ሙያ ተምሮታል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለይቶ ስለሚያውቅ፣ ተጫዋቹ ከተለመደው መንገድ ወጣ ሲልና ወደ ቤቱ ሲመለስ ይታወቀዋል። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይጠብቃል።

ይህ ማዳመጥ ከመዝናኛ በላይ መሆኑን ጠላት ራሱ መስክሯል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግራዚያኒን ለመግደል ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ፋሺስቶች ጠንቋዮችንና አዝማሪዎችን እየያዙ ረሸኑ። የኢጣሊያ አገዛዝ እንደሚያከትም በሕዝቡ መካከል ወሬ ይነዛሉ የሚል ነበር ምክንያታቸው። ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ያላት ማሲንቆ መትረየስ የታጠቀውን ኃይል ያሳሰበችው፣ ወርቁን የሚፈታ ጆሮ በየመንደሩ ስለነበረ ነው።

በዚህ ጆሮ የባሕር ማዶውንም ጥበብ መመዘን ይቻላል። በጥቁር አሜሪካውያን እጅ ያደገው ጃዝም ከታወቀ ዜማ ተነሥቶ እዚያው የሚፈጠር ሙዚቃ ነው። በጅማ ተወልዶ በቦስተን በርክሊ ትምህርት ቤት የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ የአገሩን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አዋሕዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባን ሲጎበኝም አብሮት ሠርቷል።

ይሁን እንጂ የመቀበል ጥበብ ጐልቶ የሚታየው ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሲጫወቱ ነው። የፒያኖው ተጫዋች ቢል ኤቫንስና ጊታሪስቱ ጂም ሆል እ.ኤ.አ. በ1962 «አንደርከረንት»፣ በ1966 ደግሞ «ኢንተርሞዱሌሽን» የተባሉትን ሸክላዎች ያለ ከበሮና ያለ ባስ ቀረጹ። ፒያኖም ጊታርም ዜማና አጃቢ ድምፅ በአንድነት ማውጣት ስለሚችሉ፣ ሁለቱ ካልተጠነቀቁ አንዱ የሌላውን ቦታ ይይዛል። እነዚህ ግን ተራ ይሰጣጣሉ። «ማይ ፈኒ ቫለንታይን» በተባለው ዜማ ሆል ጊታሩን እንደ ምት መሣሪያ እየመታ ኤቫንስን ያጅባል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ ዜማውን እርሱ ይረከባል።

እንግዲህ የዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ አድማጭ በመጀመሪያ መነሻውን ዜማ መያዝ፣ ቀጥሎም ማን እንደሰጠና ማን እንደተቀበለ መከተል፣ በመጨረሻም አንደኛው ዝም ያለበትን ስፍራ ማስተዋል ይገባዋል፤ ዝምታው ለባልደረባው የተለቀቀ ቦታ ነውና።

በእርግጥ የጃዝ አድማጭ ስንኝ አይሰጥም፤ የፎገራው ግን ይሰጣል። ይህ ልማድ በድምፅ ማጉያና በተቀዳ ዘፈን ተውጦ ቢቀር የሚጐዳው አዝማሪው ብቻ አይደለም። ሰጪ ያጣ አዝማሪ የሸመደደውን ይደግማል፤ መስጠት የተወ አድማጭም ወርቁን መፍታት ይረሳል።