ባለቤቱ ራሱ የቀባው አውቶሞቢል፤ ስለ ተሽከርካሪ አቀባብ ታሪክ አጭር ሐተታ

የእጅ ሥራን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በባለሙያው ላይ ነው፤ ይኸውም በሸማኔው፣ በቀጥቃጩ፣ በአናጢው፣ በሠዓሊው ላይ ማለት ነው። ሙያውን ሳይማር በገዛ ደጁ፣ በዕረፍት ቀኑ፣ በራሱ ንብረት ላይ የሚሠራውን ሰው ግን ከቍጥር የሚያስገባው የለም ለማለት ይቻላል። ይህ ሰው ማኅበር የለውም፤ መዝገብም አይተውም፤ የሠራውም ሥራ ብዙ ጊዜ አላፊ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሙያ ከባለሙያው እጅ ወጥቶ ወደ ተራው ሰው እጅ ሲገባ ምን ይዞ እንደሚሄድ፣ ምንስ ትቶ እንደሚቀር የምንረዳው በዚሁ ሰው አማካይነት ነው። በዚህ ጽሑፍ የመረጥሁት ምሳሌ ከትምህርት ጉባኤ የራቀ ይመስል ይሆናል፤ አውቶሞቢሉን በቤቱ ግቢ ራሱ የሚቀባው ጀማሪ ነው። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ነገር የሚነገረው የተለመደ ታሪክ እንዲህ ነው። ቀድሞ ቀለም መቀባት የባለሙያ ምስጢር ነበር፤ ኋላ ኬሚስትሪ ቀለሙን ስላሻሻለው ሥራው እየቀለለ ሄዶ ለማንም ሰው ተከፈተ ይባላል። በበኩሌ ነገሩን ደጋግሜ ስመረምረው ይህ አስተያየት ልክ ሆኖ አላገኘሁትም። በሩ ተከፍቶ ተዘግቶአል፤ እንደ ገና ተከፍቶም እንደ ገና ተዘግቶአል። የሚከፍተውና የሚዘጋውም ከቀለሙ ጥራት ይልቅ ቀለሙ ለመድረቅ የሚፈጅበት ጊዜና የሚደርቅበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች የቀቡት የሠረገላ ቀቢዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሙያቸውን ከልጅነታቸው ጀምረው በአንድ አለቃ ሥር ለብዙ ዓመታት የተማሩ ነበሩ። ሥራቸው የሚጀምረው በተልባ ዘይት የተለወሰ ነጭ የእርሳስ ቀለም እንጨቱን በማጠጣት ነው። ከዚያ በኋላ ወፍራም መሙያ ደጋግመው ይቀቡና ሲደርቅ ቀዳዳ ባለው በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በውሃ እያራሱ ይፍቁታል፤ ገጹ እንደ መስታወት እስኪስተካከል ድረስ። ዋናው ቀለም የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ በላዩም ከዛፍ ሙጫና ከተልባ ዘይት የተቀቀለ ቬርኒስ ይደረብበታል። በእያንዳንዱ ድርብ መካከል ቀናት ያልፋሉ። የመጨረሻው ቬርኒስ የሚቀባበት ክፍል ለብቻው ነው፤ አቧራ እንዳይነሣ ወለሉን ውሃ ያርከፈክፉበታል፤ ቀቢውም ብናኝ የማይወጣው ልብስ ለብሶ ይገባል። አንድ ሠረገላ ወይም አንድ አውቶሞቢል በዚህ ዓይነት ተቀብቶ ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅ ነበር። አንባቢው እንደሚያስተውለው ከሥራው የሚበልጠው ክፍል ከቶ ለዓይን አይታይም። የእኛ አገር ሠዓልያንም በእንጨት ገበታ ላይ ሥዕል ከመሣላቸው በፊት ነጭ መደብ አዘጋጅተው ያለሰልሱ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ስለ መደብ አስፈላጊነት የሠረገላ ቀቢው ከእነርሱ ጋር በተነጋገረ ጊዜ የሚለያዩበት ነገር ብዙ ባልሆነ ነበር።

ይህን ያህል የተደከመበት ሥራ ግን ዕድሜው አጭር ነበር። ቬርኒሱ በፀሐይና በጭቃ እየደበዘዘ ይሰነጠቃል፤ ባለጠጋው በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ወደ ቀቢው እየላከ ያሳድሰው ነበር። ይህን ማድረግ የማይችለው የአውቶሞቢል ባለቤት በብዛት የታየው ከፎርድ ሞዴል ቲ በኋላ ነው። ይህ ተሽከርካሪ በ1908 መሠራት ጀምሮ በ1927 እስኪቋረጥ ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርቶአል። ከ1914 እስከ 1925 ድረስ ጥቁር ብቻ የሆነበትም ምክንያት ሬንጅ መሰል ማዕድን የገባበት ጥቁር ቀለም ርካሽና ጠንካራ በመሆኑ ነው፤ ብዙዎቹን ክፍሎች ቀለሙ ውስጥ እየነከሩ ወይም ቀለሙን እያፈሰሱባቸው በምድጃ ያደርቋቸው ነበር። ገበሬው ግን ፋብሪካው የቀባለትን ቀለም መልሶ ሊቀባው አይችልም፤ አውቶሞቢል የሚያስገባ ምድጃ የለውምና።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው በትንንሽ ቆርቆሮ የታሸገ የአውቶሞቢል ቀለም ለገበያ የቀረበው። በቡፋሎ ከተማ የነበረው ፕራት ኤንድ ላምበርት የተባለው ኩባንያ ኢፌክቶ በሚል ስም የሸጠው ቀለም አንዱ ምሳሌ ነው። ማስታወቂያው የሚናገረው ለባለቤቱ ለራሱ ነበር። ነገሩም ሐሰት አልነበረም፤ በዘይት የተሠራ ቀለም የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ስለ ሆነ፣ ብሩሽ የተወው መሥመር ሳይጠነክር ተንጣሎ ራሱን ያስተካክላል። የጀማሪው እጅ የሠራውን ጥፋት የዘይቱ ዝግታ ይሸፍንለታል ማለት ነው። ዋጋው ግን አለ። ቀለሙ እርጥብ ሆኖ በቆየበት ሰዓት ሁሉ አቧራና ዝንብ ይቀበላል፤ ወፍራም አድርጎ የቀባው እንደ ሆነም ቀለሙ በቁም ገጽ ላይ እየወረደ እንደ እንባ ይንጠለጠላል፤ ወይም ላዩ ቆዳ ሠርቶ ሥሩ ሳይደርቅ ይጨማደዳል።

ቆርቆሮው ይዞለት የመጣው የሥራውን የመጨረሻ ክፍል ብቻ እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል። መፋቁ፣ መሙላቱ፣ መጠበቁ፣ ይልቁንም መቼ ይበቃል ማለት እንደሚገባ የሚያሳየው ዕውቀት ከሠረገላ ቀቢው ጋር ቀርቶአል። ነጋዴ ይህን በቆርቆሮ አሽጎ ሊሸጠው አይችልም፤ ቢችልም ኖሮ ገዢውን ማስፈራራት ይሆንበት ነበር።

በሩን የዘጋው፣ የሥልጣኔ ግስጋሤ ተብሎ በብዙ መጻሕፍት የተመሰገነው ዱኮ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዱፖን የተባለው ኩባንያ ለባሩድ ይጠቀምበት ከነበረው ከናይትሮሴሉሎስ የተሠራ ላከር አወጣና በ1923 ለገበያ አቀረበው፤ ኦክላንድ የተባለው አውቶሞቢል በ1924 ሞዴሉ በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ታየ። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መድረቂያ ጊዜ ወደ ሰዓታት ወረደ። ለፋብሪካው ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ላከር የሚደርቀው የሟሟበት ፈሳሽ ተንኖ ሲሄድ ነው እንጂ ኦክስጅን ወስዶ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ድርብ ሲያርፍበት የመጀመሪያውን መልሶ ያሟሟዋል፤ ብሩሹም ሥሩን እየጎተተ ያበላሸዋል። ለቤት ዕቃ የሚሆን በብሩሽ የሚቀባ ዱኮ ቢሸጥም ለአውቶሞቢል ሰፊ ገጽ የሚሻለው በአየር ግፊት መርጨት ነበር።

የመርጫው ታሪክ ራሱ አስገራሚ ነው። በ1888 በኦሃዮ የቶሌዶ ከተማ ነዋሪ የነበረው ሐኪም አለን ዴቪልቢስ የሕመምተኞችን ጉሮሮ በመድኃኒት ለመርጨት የሠራውን መሣሪያ ልጁ ቶማስ በ1907 ለቀለም እንዲሆን አድርጎ ለወጠው። መርጫውን ግን የሚነፋ ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል፤ ኮምፕሬሰር ደግሞ በዚያ ዘመን የጋራዥ ንብረት እንጂ የገበሬ ዕቃ አልነበረም። ስለ ሆነም ቀለሙ በተሻሻለ ጊዜ ባለቤቱ ከሥራው ወጣ።

ከዚሁ ዘመን ሁለት ትንንሽ ነገሮች ሳይታወቁ ወደ ጀማሪው እጅ ገብተዋል። አንደኛው ውሃ የማያበላሸው ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ፍራንሲስ ኦኪ የፈጠረውን ይህን ወረቀት በ1921 ለገበያ ያወጣው 3ኤም የተባለው የሚኒሶታ ኩባንያ ነው። ሁለተኛው የመሸፈኛ ፕላስተር ነው። የዚሁ ኩባንያ ሠራተኛ ሪቻርድ ድሩ የብርጭቆ ወረቀት ናሙና ይዞ ወደ አውቶሞቢል ቀቢዎች ሲመላለስ፣ ሁለት ቀለም የሚቀቡት ሰዎች የሚለጥፉት ወረቀት ሲነሣ አዲሱን ቀለም እየላጠ ሲያስቸግራቸው ተመለከተና በ1925 የማይጎዳ ፕላስተር ሠራ። ዛሬ በየቤቱ የምናገኘው ይህ ዕቃ የተወለደው ከቀቢዎች ብሶት ነው።

ስለ ብርጭቆ ወረቀቱ አንድ ነገር ልጨምር። በውሃ እያራሱ መፋቅ ገጹን ከማለስለሱ ሌላ አቧራውን ይይዘዋል፤ አቧራው ደግሞ እርሳስ ያለበት ነበር። በ1921 በጄኔቫ የዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ ስለ ነጭ የእርሳስ ቀለም ስምምነት አውጥቶአል፤ የሚመለከተው ግን የሕንፃን የውስጥ አቀባብ ነው። በግቢው ቁጭ ብሎ የአሮጌ አውቶሞቢል ቀለም በደረቁ የሚፍቀውን ሰውና በአጠገቡ የሚጫወቱትን ልጆቹን ያየ ሕግ አልነበረም። የባለሙያው አደጋ ቢያንስ ተቈጥሮአል፤ የጀማሪው አልተቈጠረም።

በሩ እንደ ገና የተከፈተው አልኪድ የሚባለው ቀለም ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተስፋፋ ጊዜ ነው። ይህ በዘይት የተለወጠ ሰው ሠራሽ ሙጫ ስለ ሆነ እንደ ቀድሞው ኦክስጅን ወስዶ ይደርቃል፤ ብሩሽም ይቀበላል። ከዚያም በ1949 በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር ሳይካሞር በሚባል ከተማ ኤድዋርድ ሲይሞር፣ ባለቤቱ ባቀረበችለት ሐሳብ፣ ቀለምንና የሚገፋውን ጋዝ በአንድ ቆርቆሮ አሸገ። ኮምፕሬሰር ያልነበረው ሰው በጣቱ የሚጫነው ኮምፕሬሰር አገኘ ማለት ነው። ለአንድ ፓራፋንጎ ይበቃል፤ ለሙሉ አውቶሞቢል ግን ወጪውም ከቦታ ቦታ የሚታየው ልዩነትም አያዋጣም።

የኋለኛው መዘጋት ከቀድሞው ሁሉ የከፋ ነው፤ የተዘጋውም በመሣሪያ እጦት ሳይሆን በመርዝ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተስፋፋው ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ ይረጫል፤ በማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባለው ነገር በሚረጭበት ጊዜ እንደ ጉም ሆኖ ወደ ሳንባ ይገባና የማይለቅ አስም ያስከትላል። አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ምንም አይጠቅምም፤ ባለሙያው የሚሠራው በቱቦ ከውጭ ንጹሕ አየር እየመጣለት ነው። ጀማሪ በቤቱ ግቢ ይህን መርጨት የለበትም ብዬ ያለ ማመንታት እጽፋለሁ። በ2000ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰዎች ወደ ዝገት ተከላካይ አልኪድ ቀለም ተመልሰው፣ አቅጥነው በስፖንጅ ሮለር እየቀቡ በየድርቡም በውሃ እየፋቁ መሥራታቸው የሞዴል ቲን ባለቤት ያስታውሰናል። በውጭ አገር ስማር አብሮኝ በአንድ ቤት የተከራየ ተማሪ በዚህ ዓይነት አሮጌ ተሽከርካሪውን ሲቀባ ስድስት ቅዳሜ ፈጅቶበታል፤ ስድስቱንም ቅዳሜ አፌዝሁበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰው ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ባመጣው ጊዜ በ1900 ዓመተ ምሕረት መሆኑ የታወቀ ነው። የአቀባቡ ሙያ በየት በኩል እንደ ገባ ግን ቃላቱ ይመሰክራሉ። ባትላሜራ፣ ስቱኮ፣ ፓራፋንጎ የኢጣሊያ ቃሎች ናቸው፤ ብርጭቆ ወረቀት የሚለውም የኢጣሊያንኛው ስም በአማርኛ የተፈታ ነው። ሠራተኛው ቃሉን ከነሥራው በጋራዥ ውስጥ ተቀበለ እንጂ በቆርቆሮ ላይ አላነበበውም፤ ለዚህም ይመስለኛል ተሽከርካሪውን በቤቱ የሚቀባ ሰው በእኛ ዘንድ ብርቅ የሆነው። የጋራዡ ሥራ ዋጋም ባለቤቱን ወደዚህ ድካም የሚገፋው አልነበረም።

እኔ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ይህን ጥናት ስጀምር፣ አሮጌ ቮልስዋገኔን በኅዳር ወር በግቢዬ ልቀባ ተነሣሁ። የቀኙን ፓራፋንጎ በቀትር ፀሐይ፣ ስቱኮው በወጉ ሳይደርቅ ቀባሁት። በማግሥቱ አንድ በሥራው ያረጁ ጎረቤቴ ገብተው አዩና ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጄ፣ ዓይንህን ጨፍንና በመዳፍህ ዳስሰው» አሉኝ። ብዳስሰው ዓይኔ ያላየው ጕድጓድና ጕብታ ሁሉ ተሰማኝ። «አባባ፣ እንግዲህ ምን ይሻላል?» ብላቸው፣ «ይህንስ ተወው፤ በሩን ገና አልነካኸውም» ብለው ውሃ በባልዲ አስመጡ። የግራውን በር ሦስት ቀን ስንፍቅ ዋልን፤ ቀለም የነካነው በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ ነው።

በሩ እስካሁን ደኅና ነው። ፓራፋንጎው በሁለተኛው ክረምት መላጥ ጀመረ። ከእኔ ቀለም ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ጎን ዝገት ታየ፤ ከዚያም ሥር አንድ የማላውቀው አረንጓዴ ቀለም አለ። በአረንጓዴው ላይ የብሩሽ መሥመር ከላይ እስከ ታች በግልጽ ይታያል፤ ከታችኛው ጠርዝ አጠገብም ወርዶ የደረቀ አንድ ጠብታ አለ። ከእኔ በፊት ከነበሩት ባለቤቶች የትኛው እንደ ቀባው በሊብሬው ላይ አልተጻፈም።